አትነሳ፣ አባዬ

ማሕደር በፍተሻው ዋዜማ መጀመሪያ ካውያውን ወለወለች፣ ቀጥሎ የውሃ ማፍያውን፣ ከዚያ አባቷን።

ካውያና ማፍያ ዝም ብለው ይወለወላሉ። አቶ ኪሩቤል ግን ያጉረመርማሉ።

«ቀዘቀዘኝ!» አሉ እርጥቡ ጨርቅ ደረታቸውን ሲነካቸው። «ዓመቱን ሙሉ ዞር ብለሽ ሳታዪኝ ከርመሽ ዛሬ ምን ታየሽ?»

«ትናንት አይደል እንዴ ያጠብኩህ? አትዋሽ አባዬ።»

«የትናንቱማ ለእኔ ነው። ይሄኛው ለእነሱ ነው።»

ከግራ ትከሻቸው ዝቅ ብሎ፣ የልብ መሣሪያው ቆዳቸውን ገፍቶ እንደ ክብሪት ቀፎ ጉብ ካለበት ቦታ አጠገብ፣ የአምናው አረንጓዴ ተለጣፊ አለ። ጠርዙ ተነቃቅሏል፤ ጽሑፉ ግን አሁንም ይነበባል፦ «ተፈትሿል። ለአንድ ዓመት ያገለግላል።» ካውያው እጀታ ላይ ያለውም ይኸው ነው። ማፍያው ቂጥ ላይ ያለውም ይኸው ነው። ማሕደር በዙሪያው ያለውን ቆዳ በጥንቃቄ ጠረገች። ፈታሾች አቧራና ላብ አይወዱም።

ደንቡ ሲወጣ እሷ አልተወለደችም ነበር። እናቷ በሕይወት ሳለች እንደነገረቻት ነገሩ ሲጀመር ለበጎ ነበር። ኪራይ ቤት ውስጥ ገመዱ የተላጠ ምድጃ የስንቱን ቤት ዘግቷል። ስለዚህ አከራይ የሆነ ሁሉ በቤቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚሄድበትንና ግድግዳ ላይ በሚስማር ያልተመታውን ዕቃ በየዓመቱ እንዲያስፈትሽ ታዘዘ። ደግ አደረጉ ተባለ። ማን ይቃወማል? መጀመሪያ ምድጃ፣ ካውያ፣ ማፍያ ነበር። ቆይቶ ለጆሮ የሚደረገው ማዳመጫ ተጨመረ። ቀጥሎ በሞተር የሚታጠፈው ሰው ሠራሽ ጉልበት። ከዚያ ልብ። ኤሌክትሪክ የሚሄድበት፣ ግድግዳ ላይ ያልተመታ፤ አቶ ኪሩቤል ሁለቱንም ያሟላሉ። የኪራይ ውሉ ላይም ሁለት ቦታ ሰፍረዋል፤ አንዴ ከነዋሪዎች ጋር ከልጃቸው ቀጥሎ፣ አንዴ ከዕቃዎች ጋር በፍሪጁና በፀጉር ማድረቂያው መሃል።

ከተማው ውስጥ በኤሌክትሪክ አደጋ ሰው ከሞተ ዘመን ተቆጥሯል። ይህን የሕንፃው ሊፍት በወጡና በወረዱ ቁጥር በሚያምር የሴት ድምፅ ይነግራቸዋል።

ፍተሻውን ያላለፈ ዕቃ ቀይ ይለጠፍበታል፣ ገመዱ እዚያው በፒንሳ ይቆረጣል፣ በዚያው ቀን ከቤት ይወጣል። ሰው ገመድ ስለሌለው የሚቆረጠው የቻርጀሩ ገመድ ነው፤ ማታ ማታ ደረት ላይ አርፎ መሣሪያውን የሚሞላው። ከዚያ ሰውየው ወደ ማቆያ ይሄዳል። እዚያ ቻርጀር አለ ይባላል። ሄዶ ያየ ግን የለም፣ ማቆያው በሕግ የዕቃ መጋዘን ነውና መጋዘን ደግሞ ጠያቂ አያስገባም።

የአቶ ኪሩቤል መሣሪያ ጤነኛ ነው። ሐኪሙም ፈታሿም መስክረውለታል። ችግሩ መሣሪያው አይደለም። ችግሩ አስተዳደጋቸው ነው።

ሰው ወደ ቤት በገባ ቁጥር ይነሳሉ።

ፍተሻው ዕቃው ረግቶ እንዲቀመጥ ይፈልጋል። አንድ መቆንጠጫ ደረት ላይ ይደረጋል፣ አንድ ቁርጭምጭሚት ላይ፣ ከዚያ የፈታሿ ማሽን እስኪጨርስ ዝም ነው። አምና ማሽኑ ገና ማጉረምረም ሲጀምር አከራይዋ ወይዘሮ ሶልያና ገቡ። አቶ ኪሩቤል «ኖር!» ብለው ብድግ። መቆንጠጫው ወለሉ ላይ ተንከባለለ፣ መሣሪያው የቆመን ሰው ደም ሽቅብ ለመግፋት ምቱን አፈጠነ፣ ማሽኑ ጮኸ። ያኔ ሁለተኛ ዕድል ነበር። በሁለተኛው ማሕደር ትከሻቸውን ተጭናቸው ለትንሽ አለፉ። ዘንድሮ ሁለተኛ ዕድል ለቅልጥፍና ሲባል ቀርቷል። ዕቃን መጫን፣ ማሰርና መደገፍም ተከልክሏል። ይህን በሚናገረው ማስታወቂያ ላይ የተሳለችው ሴትዮ ማፍያ አቅፋ እየሳቀች ነው።

አከራይ በሌለበት የተደረገ ፍተሻ ደግሞ አይቆጠርም። አከራይ በዓይኑ ማየት አለበት። ወይዘሮ ሶልያና ሕንፃው ሙሉ የእሳቸው ነውና በፍተሻው ቀን ከፎቅ ፎቅ ሲሉ የሚገቡት ሁሌም መሃል ላይ ነው።

የወይዘሮ ሶልያና ወንድም አቶ ናትናኤል ከእነማሕደር ፊት ለፊት ይኖሩ ነበር፤ እሳቸውም ተከራይ፣ እሳቸውም ባለ መሣሪያ። ከአባቷ ጋር ከሰዓት ከሰዓት በቆርኪ ዳማ ይጫወቱ ነበር። ሁለቱም ያታልላሉ፣ ሁለቱም ይሳደባሉ፣ ማታ ተኮራርፈው ይለያዩና ጠዋት «ናቲ፣ ደህና አደርክ?» ይባላል። አምና አቶ ናትናኤል አላለፉም። እህታቸው ሲገቡ ተነሱ። በሁለተኛውም ዕድል ተነሱ። ወይዘሮ ሶልያና ታላቃቸው ናቸው፤ ታላቅ ሲገባ ደግሞ ቁጭ ብሎ ማየት ሰውየው አልለመደባቸውም። ያኔ የጀመሩት ጨዋታ አሁንም መደርደሪያው ላይ እንዳለ ነው። ማሕደር አቧራውን ስታራግፍ አባቷ ይጮሁባታል፦ «ቆርኪውን እንዳትነኪ! የናቲ ተራ ነው።»

ስለዚህ ዘንድሮ ልምምድ ተጀመረ።

ማሕደር ሆቴል ውስጥ ልብስ ተኳሽ ናት። ከሥራ ስትመለስ እግሯን እንኳ ሳታሳርፍ ከክፍሉ ትወጣና አንኳኩታ ትገባለች።

«ኖር!»

«አባዬ!»

«ወይኔ፣ አመለጠኝ።»

«እኔ ነኝ እኮ። ለልጅ ይነሳል?»

«የገባው ማን እንደሆነ ጉልበቴ በምን ይወቅ? ጉልበት ዓይን የለው።»

ትወጣለች። ትገባለች። የወይዘሮ ሶልያናን ሳል አስመስላ እየሳለች ትገባለች። ኮፍያ አድርጋ ትገባለች። አንድ ቀን ጎረቤት ለምና ላከችባቸው፤ ለጎረቤቱ ተነስተው ወንበራቸውንም ለቀቁለት፣ ሰውየው ሊረዳ መጥቶ ተቀምጦ ሲጫወት አመሸ። በመጨረሻ ማሕደር በሰሃን ምስር ሞልታ ጭናቸው ላይ አስቀመጠች። ከተነሱ ይደፋል። ያን ሰሞን የተበላው ወጥ ሁሉ ከምንጣፍ ላይ የተለቀመ ምስር ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ስትገባ አልተነሱም። እጃቸው ሰሃኑ ላይ፣ ዓይናቸው ወለሉ ላይ። አንዲት ፍሬ ምስር አልወደቀችም።

«ጎበዝ!» አለች። ልትደሰት ይገባት ነበር። ሰሃኑን ግን ከጭናቸው ላይ ፈጥና አነሳችው።

«እንግዳ የሚቀበሉት እንዲህ ነው በይኛ።»

«እንዲህ ነው።»

«እናትሽ ብታየኝ ትፈታኝ ነበር።»

ወይዘሮ ሶልያናንም ለመነቻቸው። «እትዬ ሶልያና፣ እባክዎ ዘንድሮ ቀድመው ይግቡልን። ፍተሻው ሳይጀመር ተነስቶ ይቀበልዎትና ይውጣለት።»

ሴትየዋ ምላሰኛ ናቸው፣ ያን ዕለት ግን አልተናገሯትም። «አንቺ ልጅ» አሉ፣ «በእኔ መግባት ወንድሜ ተወስዷል። አባትሽን ደግሞ አላስወስድም። ገና ማፍያሽ ሲፈተሽ ቁጭ ብዬ ታገኚኛለሽ።»

ዋዜማው ላይ፣ ከውልወላው በኋላ፣ ማሕደር የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቀች።

«ነገ ጎረቤት ቢገባ?»

«ቁጭ።»

«እትዬ ሶልያና ቢገቡ?»

«ቁጭ።»

«ጳጳስ ቢገቡ?»

«ቁጭ። ይቅር ይበለኝ።»

«እማዬ ብትገባ?»

«እሷማ ከመጣች ልትወስደኝ ነው» አሉ። «ያኔ ፍተሻ ምን ይሠራልኛል?»

በማግስቱ ጠዋት በፎቁ ላይ ያሉት በሮች ሁሉ ተከፍተው ነበር፤ ደንቡ ነው። በየበሩ ፊት ዕቃው ተደርድሯል፤ ምድጃ፣ ራዲዮ፣ የሶኬት ማከፋፈያ። ከዕቃው ኋላ ባለ መሣሪያዎቹ ሽማግሎችና አሮጊቶች ሸሚዛቸውን ፈታ አድርገው ተቀምጠዋል። ማንም አያወራም። ባለፈው ዓመት እንደ ሠርግ ቤት ይንጫጩ ነበር።

ፈታሿ ዮዲት ጎማ ያለውን ማሽኗን እየጎተተች ገባች። ወጣት ናት፣ ጓንቷ ነጭ ነው፣ ደረቷ ላይ ፍተሻውን የምትቀዳ ባለ መብራት ትንሽ ካሜራ አለች።

«ደህና አደራችሁ። የወይዘሮ ሶልያና መምጣት ተረጋግጧል?»

«ይመጣሉ» አለች ማሕደር። «እንዲያውም እዚህ መሆን ነበረባቸው።»

«እኛ እንጀምራለን። እስኪያልቅ ከደረሱ ይበቃል።»

ማፍያው አለፈ። ካውያው አለፈ። ዮዲት አዲሱን አረንጓዴ ለጥፋ በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። የፀጉር ማድረቂያው አላለፈም። ፒንሳዋን አወጣች፣ ገመዱን ያዘች፣ ቅጭ። ማሕደር በዚያ ማድረቂያ ቅር አላላትም፤ እንዲያውም ቀለል አላት። የዚህ ቤት ቀይ በእሱ ያለቀ መሰላት። ደጅ ደጁን ግን ታያለች። ወይዘሮ ሶልያና የሉም።

«የቀረ ዕቃ?»

«አባቴ ነው።»

ዮዲት ወደ አቶ ኪሩቤል ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው። «አባባ፣ እንደምን አደሩ? ጉንፋኑስ ተሻለዎት?» አምና ጉንፋን ይዟቸው እንደነበር አልረሳችም። ቀና ስትል ግን ድምፅዋ ሌላ ሆነ። «ዕቃው ከመስኮቱ ራቅ ይበል። ዕቃው ሸሚዙን ይክፈት።»

«ዕቃው ሰምቷል» አሉ አቶ ኪሩቤል፣ ቁልፋቸውን እየፈቱ።

ዮዲት ደረቷ ላይ ያለችውን መብራት በጣቷ አሳየቻቸው። «ይቅርታ አባባ። እየተቀዳ ነው።»

«እሳቸው እስኪመጡ ትንሽ ብንጠብቅ?» አለች ማሕደር። «ቀድሜ እገባለሁ ብለውኝ ነበር፤ ቃላቸው ነው።»

«የፎቁ ሰው ሁሉ እየጠበቀ ነው እህቴ።» አንዱን መቆንጠጫ ደረታቸው ላይ አደረገች፣ አንዱን ቁርጭምጭሚታቸው ላይ። «አባባ፣ በሞቴ እንዳይነሱ።»

«ተለማምጃለሁ» አሉ።

ማሽኑ ማጉረምረም ጀመረ። ማሕደር እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች፤ መደገፍ ተከልክሏልና እንዳታመልጣት። አባቷ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የወለሉን ምንጣፍ ያያሉ። ሰሃኑ የለም፤ ጣቶቻቸው ግን የሌለውን ሰሃን ጠርዝ እንደያዙ ናቸው።

ኮሪደሩ ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ።

ኮቴው ደፉን ተሻገረ። ወይዘሮ ሶልያና ገቡ። አባቷ ንቅንቅ አላሉም። አንዲት ጅማታቸው በጉልበታቸው አካባቢ እንደ ፌንጣ ዘለለች፣ ያው ብቻ። የማሽኑ ድምፅ ሳይዛነፍ ቀጠለ። አለፍን፣ አለች ማሕደር በልቧ። አለፍን፣ አለፍን።

ነገር ግን ወይዘሮ ሶልያና ዝም አሉ። ሁሌ ከደፍ ጀምረው የሚለፈልፉት ሴትዮ፣ «እንዴት አደራችሁ» ሳይሉ፣ ማፍያው ቆሽሿል ሳይሉ፣ መጋረጃውን ማን ቀደደው ሳይሉ፣ እንደገቡ በሩ ጥግ ቆሙ። አቶ ኪሩቤል ዝምታው ገረማቸውና ዓይናቸውን ከምንጣፉ ላይ አነሱ።

ዮዲት ያየችው ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት ነው። ማሕደርም መጀመሪያ ያየችው ያንኑ ነው። አቶ ኪሩቤል ያዩት ጥለቱን ነው። ነጠላው ተዘቅዝቋል፤ ጥለቱ እግር ሥር በመውረድ ፈንታ አንገት ሥር ዞሯል። እንዲህ የሚለበሰው ሰው ሲሞት ነው።

«ሶልያና» አሉ። ድምፃቸው ከወንበሩ አልፎ የሚሄድ አልነበረም። «ናቲ ነው?»

ወይዘሮ ሶልያና በነጠላው ጫፍ አፋቸውን ያዙ።

«አባዬ» አለች ማሕደር።

ማሽኑ እያጉረመረመ ነው።

«አባዬ፣ አትነሳ። ትንሽ ነው የቀረው። አባዬ!»

ወር ሙሉ ሲያስቸግሯት የከረሙት አነሳስ ቢሆን ትረዳው ነበር። እሱ ከጉልበት የሚመጣ ነው፣ ባለቤቱን አያስፈቅድም። ይሄኛው እንደዚያ አልነበረም። አቶ ኪሩቤል መጀመሪያ ልጃቸውን አዩ። ቀጥሎ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ያለውን መቆንጠጫ አዩ። ከዚያ የወንበሩን ክንድ በሁለት እጃቸው ተደግፈው፣ ቀስ ብለው፣ እያወቁ ተነሱ።

«እግዜር ያጥናሽ» አሉ።

መቆንጠጫው ወደቀ። ማሽኑ ጮኸ። ወይዘሮ ሶልያና አባቷ ትከሻ ላይ ተደፍተው፣ በማሽኑ ጩኸት ላይ፣ ወንድማቸውን በስሙ እየጠሩ አለቀሱ። ሁለቱም ድምፆች ባንድ ላይ ወደ ኮሪደሩ ወጡ፣ ከኮሪደሩ ግን ብቅ ያለ ሰው የለም።

ዮዲት ማሽኗን አጠፋች። «አባባ» አለች፣ «ጥቂት ነበር እኮ የቀረው።»

«ድገሚው» አለች ማሕደር።

«አይደገምም።»

«ለቅሶ ነው! አላየሽም? ሰው ሞቷል፣ ጓደኛው ነው፣ ወንድማቸው ነው! ሰው ሲሞት ምን ያድርግ፣ ቁጭ ብሎ ይየው?»

ዮዲት ወደ ወይዘሮ ሶልያና ዞረች። «ሟች የሞቱት በኤሌክትሪክ ነው?»

ሴትየዋ ጥያቄው ቶሎ አልገባቸውም። «ማቆያ ነው የሞተው። ንጋት ላይ መጥተው አረዱኝ። ቻርጀሩ ወረፋ አለው፣ ወረፋውም በየጊዜው ይረዝማል አሉኝ። ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ፣ ተራው ሳይደርስ ልቡ ቆመ።»

«እንግዲያው የኤሌክትሪክ አደጋ አይደለም» አለች ዮዲት፣ ደረቷ ላይ ላለችው መብራት።

ማሕደር ያኔ ማቆያው ምን እንደሆነ አወቀች። ሁሉም የሚያወራው፣ ማንም ያላየው ነገር ከሰው አፍ ወጥቶ ክፍሏ ውስጥ ቆመ። ወረፋ ነው። ሌላ ምንም አይደለም፤ ወረፋ ነው።

«እትዬ ሶልያና፣ ይናገሩ እንጂ!» አለች እጃቸውን ይዛ። «ሕንፃው የእርስዎ አይደለም? በገዛ ቤትዎ አይሆንም ማለት ያቅትዎታል?»

«የእኔ ግድግዳው ነው ልጄ» አሉ ወይዘሮ ሶልያና። «የሚንቀሳቀሰው የእነሱ ነው። የማዝዝ ብሆን ናቲን እሰጥ ነበር?»

ዮዲት አልጋው ራስጌ ያለውን ቻርጀር አገኘችው። ገመዱን በግራ እጇ ያዘች። ቅጭ። ድምፁ ከፀጉር ማድረቂያው ድምፅ በምንም አይለይም። ከዚያ የአምናውን አረንጓዴ ከአቶ ኪሩቤል ደረት ላይ እንዳያማቸው ቀስ ብላ ላጠች፣ ቀዩን ለጠፈች፣ በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገች።

«ይማርዎት አባባ» አለች። ምናልባት ሌላ ቃል አጥታ ነው። ማሽኗን ጎትታ ወደሚቀጥለው ክፍል ሄደች።

ወይዘሮ ሶልያና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ባልመጣ አይቆጠርም አሉኝ» አሉ። «ለቅሶዬን ጥዬ የመጣሁት ለእሱ ብዬ ነው። ሊፍት ውስጥ ነጠላዬን ገልብጬ እንደ ደህና ሰው ልለብሰው አስቤ ነበር፤ እንዳያውቅ። ያቺ የሊፍቱ ሴትዮ ደሞ ጆሮዬ ላይ ትለፈልፋለች፣ በኤሌክትሪክ የሞተ የለም፣ በኤሌክትሪክ የሞተ የለም ትላለች። እሷን ስሰማ ረሳሁት። በሩ ተከፈተ፣ ረሳሁት።»

«እንኳን ረሳሽው» አሉ አቶ ኪሩቤል። «ናቲ ሞቶ ቁጭ ብዬ ብቀበልሽ ምን ልባል ኖሯል?»

«በሕይወት አለ ትባል ነበር!» አለች ማሕደር። በአባቷ ላይ እንደዚያ ጮኻ አታውቅም። «በሕይወት አለ ትባል ነበር፣ አባዬ! ሌላ ምን ፈለግህ? እኔ ምስር ከምንጣፍ የለቀምኩት ለምን ይመስልሃል?»

አቶ ኪሩቤል ወደ መደርደሪያው ሄደው የዳማውን ሰሌዳ አዩት። የአቶ ናትናኤልን አንድ ቆርኪ አንስተው፣ አመንትተው፣ አንድ ቤት ወደ ፊት ገፉላቸው። ከዚያ በራሳቸው ቆርኪ በሉት። «ሁሌም እዚች ጋ ነበር የሚሳሳተው» አሉ። ሰሌዳውን ዘቅዝቀው ቆርኪዎቹን ሁሉ ኪሳቸው ውስጥ አፈሰሱ።

ከሰዓት በኋላ ሰብሳቢዎቹ መጡ። ሁለት ናቸው፣ ጎማ ያለው ጋሪ ይገፋሉ። ጋሪው ላይ ከየቤቱ የተለቀመ ራዲዮ፣ ገመዱ የተቆረጠ ምድጃና ማከፋፈያ ተደርድሯል። መሃል ላይ ለሰው የሚሆን ባዶ ቦታ ተትቷል። አቶ ኪሩቤል ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስረው ወንበራቸው ላይ ነበሩ።

በሩ ተንኳኳ። ሰዎቹ ገቡ።

«ኖር!» አሉ አቶ ኪሩቤል፣ ብድግ ብለው።

ማሕደር የኮታቸውን ኮሌታ አስተካከለችላቸው።

ከሁለቱ አንደኛው፣ ጎልማሳው፣ «በእግዜር» አለ። እንዴት እንዳመለጠው እሱም አላወቀም። ጓደኛው ገላመጠው። ሰውየው አንገቱን ደፋና እንደ ማፈር ብሎ ጋሪው ላይ ያለውን ባዶ ቦታ በእጁ ጠረገ።

«ይቀመጡ አባባ» አለ።

ተቀመጡ። ጓደኛው የፀጉር ማድረቂያውን ከጠረጴዛው አንስቶ፣ ሌላ ቦታ ስላጣ፣ ጭናቸው ላይ አስቀመጠላቸው። እንደ ሰሃኑ ጠርዝ በሁለት እጃቸው ያዝ አደረጉት።

«አብሬው ልሂድ» አለች ማሕደር።

«ዕቃ አጃቢ የለውም እህቴ። እስከ ሊፍቱ ግን ማን ይከለክልሻል?»

ጋሪው ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ፍተሻው ገና ስላላለቀ በሮቹ እንደተከፈቱ ናቸው። ወይዘሮ ሶልያና ነጠላቸውን እንደዘቀዘቁ በግራ በኩል ይሄዳሉ፣ ማሕደር በቀኝ በኩል የጋሪውን ብረት ይዛለች። አቶ ኪሩቤል በየበሩ ፊት ሲደርሱ እጃቸውን ከማድረቂያው ላይ እያነሱ ይሰናበታሉ። «ደህና ዋሉ።» «ደህና ሁኑልኝ።» «አንተ ሰውዬ፣ ያ ጉልበትህ እንዴት ሆነ?»

በየበሩ ውስጥ ያሉት ያዩዋቸዋል። አርባ ዓመት የተጎራበቷቸው አሉ። ልጅ የተዳረላቸው ጊዜ ድንኳን አብረው የተከሉ አሉ። ኀዘንተኛዋ ሶልያና በፊታቸው እያለፉ ነው፣ ኪሩቤል በጋሪ እየተገፉ ነው፤ አንዲት አሮጊት ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ ማሕደር አየች፤ አንድ ሽማግሌ እንባቸው አገጫቸው ላይ ደርሷል፣ አልጠረጉትም። እጃቸው ግን ጉልበታቸው ላይ ነው። ሁሉም እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ማንም አልተነሳም።

ለካ በየቤቱ ልምምድ ነበር።

አቶ ኪሩቤል እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ አንድም በር ሳይዘሉ አዩ። ሊፍቱ ፊት ሲደርሱ ወደ ልጃቸው ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ ማሾፍ ይኑር ምን ይኑር ማሕደር ከዚያ በኋላም ስታስበው አልለየላትም።

«ጎበዞች ናቸው» አሉ። «ሁሉም ያልፋሉ።»

ጋሪው ገባ። ማሕደር ልትስማቸው ጎንበስ ስትል በሩ መዘጋት ጀመረና ሰብሳቢው በትሕትና ወደ ኋላ መለሳት። የሴቲቱ ድምፅ ከውስጥ ተሰማ፤ በከተማችን በኤሌክትሪክ አደጋ፣ ስትል፣ ወደ ታች እየራቀች፣ እየቀጠነች ሄደች።

ማሕደር ተመልሳ ገባች። ወይዘሮ ሶልያና ለቅሶ ሊቀመጡ ተከትለዋት ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ማን ለማን ለቅሶ እንደሚቀመጥ ሁለቱም አልጠየቁም። ሻይ ላፍላልዎት አለች ማሕደር፣ ሌላ የምትለው አጥታ። ማፍያውን ውሃ ሞላችው። እጇ በእንባ እርጥብ ነው፤ በዚያው እርጥብ እጇ ሶኬቱን ሰካች፣ ማብሪያውን ተጫነች፣ ብረቱን በመዳፏ እቅፍ አድርጋ ያዘችው።

ምንም አላደረጋትም። ማፍያው ደህና ነበር።